አንድ ለበረካ

ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲወርዱ አስፋልቱን ትቶ በስተግራ ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ተኩል የተጓዘ ሰው ገርቢ ሜዳን ያገኛታል። ካገኛት ነው። ኅዳር ሲገባ ማሽላው ከሰው በላይ ስለሚሆን መንደሯ ከነቤቷ ትሰወራለች፤ ውሻ ሲጮህና ሕፃን ሲያለቅስ ተሰምቶ ነው ሰው መኖሩ የሚታወቀው። እንግዲህ መንደሯ ራሷ መደበቅ የምትወድ ከሆነች ሰዎቿ ቢደበቁ ምን ይገርማል? ራዊያን ግን ገርሟታል። ገርሟት ብቻ ቢቀር ደግ ነበር፤ እርር ድብን ብላለች።

ራዊያ የገርቢ ሜዳ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ደሴ ተምራ፣ እዚያው ሥራ አግኝታ፣ ሁሉንም ትታ ወደ ተወለደችበት የተመለሰች። እናቷ እማ ኡሙሃኒ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሏትም። «ሰው ከተማ ገብቶ ይቀራል፤ ይቺ ግትር ግን ከተማውን ትታ ማሽላ ልትቆጥር መጣች» ይላሉ ለመጣ ለሄደው። ወንድሟ ሰላሁዲን በእናቱ ዓይን ወርቅ ነው። ራዊያ ግን ግትር ናት፤ ቀጭን ናት፤ ባል እምቢ ያለች ናት። ይህን ለምዳዋለች። «እናቴ ወንድሜን ትወዳለች፣ እኔን ትመክራለች» ብላ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ሁልጊዜ ከጉሮሮዋ በታች አይወርድም።

የተመለሰችበት ምክንያት ወንዙ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰባተኛ የሚፈልግ ሮቢት ይሄዳል፤ ሮቢት የሚሄድ ወንዙን ይሻገራል። ወንዙ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይተኛበታል። በመስከረምና በበልግ ግን ሰማዩ እዚህ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ሳይታሰብ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ስለዚህ ወላጅ ሴት ልጁን ከስድስተኛ በኋላ ያስቀራል። አምና ከጨረሱት አሥራ አንድ ልጃገረዶች ሮቢት የቀጠሉት ሦስት ናቸው። ዘንድሮ ስድስተኛ ላይ ያለችው ሊድያ ናት፤ የአያ ዘካሪያስ የልጅ ልጅ፣ ራዊያ እስከ ዛሬ ካስተማረቻቸው ሁሉ ብልጧ። ሊድያ ቤት ከምትቀር የራዊያ እጅ ቢቆረጥ ይሻላል፤ እንዲህ ነበር የምታስበው።

በጥቅምት ከወረዳ አቶ አብርሃም የሚባል ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣና ተስፋ ሰጣት። «ሰባተኛና ስምንተኛ እንዲከፈትላችሁ የመንደሩን ገጽታ ጽፈሽ አምጪ። ታሪክ፣ መልክዓ ምድር፣ የሕዝብ ብዛት። ሕዝቡ በስም ተዘርዝሮ ከሁለት ሺህ በላይ ከሆነ ይጸድቃል። ካነሰ ግን አትልፊ፤ ቀኑ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው» አላት።

ታሪኩን ስትጽፍ ሁለት ሳምንት ሳቀች። የአያ ዘካሪያስ ቅድመ አያት ከደጋ ወርደው፣ ሜዳው ላይ ጭስ አይተው መጥተው ሰፈሩ። የሸህ ታሂር ቅድመ አያት ደግሞ ከዞብል በኩል ግመል እየነዱ ሲያልፉ ጭስ አይተው መጥተው ሰፈሩ። ሌላውን ቤት ስትጠይቅ እዚያም የአያት አያት ጭስ አይቶ ነው የመጣው። «ታዲያ እሳቱን ማን አነደደው?» ብላ ሁሉንም ጠየቀች። ሁሉም ቆም ብሎ አሰበና ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ። እሷም «ገርቢ ሜዳን የመሠረቱት አንዱ የሌላውን ጭስ አይተው የመጡ ሰዎች ናቸው» ብላ ጻፈች። እውነቱም እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ በአንድ ዱካ ነው የሚኬድባቸው።

መልክዓ ምድሩም አልከበዳትም። በስተምዕራብ የደጋው ጠርዝ፣ በስተምሥራቅ ዞብል፣ መሀሉ ጥቁር አፈር። ዝናቡ የደጋ ነው፤ ጎርፉ የገርቢ ሜዳ። ሌላ አገር ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይሸሻል፤ እዚህ አካፋ ይዞ ይሮጥለታል። አያ ዘካሪያስ የውሃ አባት ናቸው፤ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፈው በቦይ በቦይ እያደረጉ ለየማሳው የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ድምፁን ሰምተው ስንት ማሳ እንደሚያጠጣ ያውቃሉ ይባላል። ውሸት ቢሆንም ደስ የሚል ውሸት ነው።

የሕዝብ ብዛቱ ነው ጉድ የሠራት።

መንደሩን ከባልደረባዋ ከመምህር አህመድ ጋር እኩል ተካፈሉት። የእናቷ ቤት በአህመድ ድርሻ ወደቀ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አንድ በአንድ ዞሩ፤ ንፍሮ ጠገቡ፤ ጢንቅሽ እየላጡ ጥርሳቸው ደነዘዘ። በመጨረሻ ሲደምሩት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አንድ ሆነ። ራዊያ ሦስት ጊዜ ደመረችው። ሦስቴም ያው ነው።

በአራተኛው ግን ቁጥሩን ትታ ስሙን ማንበብ ጀመረች። የአያ ዘካሪያስ ቤት፦ ዘካሪያስ፣ ሸዋዬ፣ አስፋው፣ ብርቱካን። ሊድያ የለችም። ቀጥሎ የክፍሏን ስም መጥሪያ አምጥታ አመሳከረች። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት አምስቱም ልጆች በመዝገቡ የሉም። የሸህ ታሂር የዓይናቸው ማረፊያ የሆነ ሕፃን የልጅ ልጃቸው አልተወለደም። በስለት የተገኘው የዚያኛው ቤት ልጅም አልተወለደም። ሰነፉና አስቸጋሪው ሁሉ ግን አንድም ሳይቀር ተመዝግቧል።

ነጠላዋን ብድግ አድርጋ በቀጥታ አያ ዘካሪያስ ቤት ሄደች። ሽማግሌው የማሽላ ዛላ እየቆረጡ አገኘቻቸው።

«አያ፣ ሊድያን ለምን አላስመዘገቧትም?»

«ሊድያን?» አሉ ቀና ብለው፣ ስሙን ገና የሰሙት ይመስል። «እሷማ እንግዳ ናት።»

«የአሥራ ሁለት ዓመት እንግዳ?»

«ኧረግ! እንግዳ በቃህ ሂድ ይባላል እንዴ ልጀ?»

ከጓዳ እማማ ሸዋዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። ራዊያ አልሳቀችም። «አያ፣ ለእሷ ብዬ እኮ ነው! ቁጥሩ ካልሞላ ትምህርት ቤት የለም። ሊድያ ቤት ትቀራለች!»

አያ ዘካሪያስ ማጭዳቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ከፋ። «የተቆጠረ ይጎድላል፣ ራዊያ። አባቴ ከብቱን ቆጥሮ አያውቅም፤ እኔም ልጅ ቆጥሬ አላውቅም። ሌላውን ሰጠንሽ። አንዷን ለበረካ ተይልን» አሉ። ከዚያ በኋላ ቢለምኗቸው ንቅንቅ አላሉም።

የገርቢ ሜዳ ሰው ጥፋቱ ይኸው ነበር። ከየቤቱ አንድ ነፍስ ለበረካ ይተዋል፤ የሚተወውም ዓይን እንዳይበላው የሚሳሳለት፣ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነው። እያንዳንዱ ቤት «እኔ አንድ ብተው ምን ይጎድላል?» ብሎ ነበር። ከሌላው ቤት ጋር ተማክሮ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚጎድል ያውቅ ነበር።

ራዊያ ወደ ሸህ ታሂር ሄደች። ሸህ ታሂር የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ እስላም ይሙት ክርስቲያን፣ ቀብሩን የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ከትልቁ የገርቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ሸህ፣ ሕዝቡ ዋሽቶኛል!»

«አስተግፊሩላህ በይ። ሕዝብ አይዋሽም፤ ይቆጥባል።»

«እርስዎም ቆጥበዋል።»

«እኔማ መጀመሪያ!» አሉና ሳቁ። እንባ የሞላ ዓይኗን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ሰበሰቡ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ፣ ከወንዙ እስከ ሊድያ፣ ስትነግራቸው አዳመጡ። ጢማቸውን ብዙ ጊዜ አሻሹ።

«ማክሰኞ ምንድን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የአዝመራ ዱዓ።»

«እህ። በዱዓ ቀን እያንዳንዱ ቤት ምን ይዞ ይመጣል?»

«ዛላ!» አለች ራዊያ። በአዝመራ ዱዓ እያንዳንዱ አባወራ ወይም እማወራ ከአዲሱ ማሽላ በነፍስ ወከፍ አንድ ዛላ ይዞ ዛፉ ሥር ይመጣል። አንድ በአንድ እያነሳ የባለቤቱን ስም ይጠራል፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ከዚያ ሁሉም ተወቅቶ፣ ተቀቅሎ፣ መንደሩ በአንድ ላይ ይበላዋል። ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችው ነገር ነው፤ ቆጠራ መሆኑን ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም።

«ከወረቀት የሚደብቅ አለ» አሉ ሸህ ታሂር። «ከዱዓ የሚደብቅ ግን የለም። ልጁ ሳይመረቅ እንዲቀር ማን ይፈልጋል? አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። እኛ የምንነግረው ለጌታችን ነው፤ አጠገብ ያለ ሰው ጆሮ ካለው ምን እናድርገው?»

«ያውቁብኛል።»

«ይወቁ! እኔ ነኝ የምነግራቸው። ስም መጥራት መቁጠር አይደለም። ድምሩን እዚህ አገር ላይ አታነሺውም፤ አጥፈሽ ቆቦ ትወስጂዋለሽ። ደግሞም» አሉና ጣታቸውን አነሱ፣ «ከየቤቱ አንድ አንድ መተው በዝቷል፤ ስስት ሆኗል። ከመንደሩ አንድ ይበቃዋል። አንድ ነፍስ ለበረካ ትተዪያለሽ። ማንን እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ።»

ማክሰኞ ሰው ገና በማለዳው ዛፉን ከበበው። ሸህ ታሂር ነገሩን ለሁሉም ተናገሩ። አያ ዘካሪያስ ከጎናቸው ቆመው ሰሙና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ጎርፉንም እኮ አንድ ማሳ ብቻውን አይዘውም» አሉ። «ሁሉም ቦዩን ከዘጋ ውሃው ማዶ ያልፋል። እኔ እከፍታለሁ።» የመጀመሪያውን ዛላ አንስተው «ይህ የሊድያ ነው!» አሉ። «እደጊ! ከወንዝ ከዓይን ይጠብቅሽ!» አሉ ሸህ ታሂር። «አሚን!» አለ አገሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ለሦስት ሳምንት ዳኛ ፊት እንደቆመ ምስክር አፉን የቆለፈ መንደር ስሙን አፈሰሰው። ጀጉርቲው፣ ደጋሊቱ፣ ቀዩ ነጩ ማሽላ ተቆለለ። ያልተወለዱት ሁሉ ተወለዱ። አንዲት ሴት ያልታወቀ እርግዝናዋን በዛላ አሳወቀችና ባሏ ከሕዝብ ጋር እኩል ሰማ፤ እልልታው ዞብል ደረሰ። ራዊያ የሰማችውን «ይሄኛውን ሲወለድ» ብላ አለፈችው። ጣቷ ቀለም በቀለም ሆነ። ቀድሞ ከተመዘገበው ስም ጎን ምልክት ታደርጋለች፤ አዲሱን ከሥሩ ትጽፋለች። ቤት ሁሉ አንድ አንድ አዲስ ነበረው። አሥራ አምስት ቤት ብቻ ምንም አልጨመረም፤ ሁሉም አዲስ ጎጆ ወጪዎች ናቸው፤ ሁለት ነፍስ ሆነው ማን ማንን ይደብቃል?

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል እማ ኡሙሃኒ መጡ። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን አኮሳትረው ነው። ራዊያ የቤታቸውን ገጽ ገለጠች፤ በአህመድ ጽሕፈት አምስት ስም ተደርድሯል።

«የሰላሁዲን» አሉ እናቷ። ሰላሁዲን አለ፤ ምልክት አደረገች። «የሚስቱ የአሚና።» አለች። «የመንሱር። የፈሪሀ።» ሁለቱም የወንድሟ ልጆች አሉ። «የኔ የራሴ።» ኡሙሃኒ የሚለው ስምም አለ። አምስቱም አለቁ። ራዊያ ብዕሯን እንደያዘች ጠበቀች። የተደበቀው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስታስብ ነው ወረቀቱን እንደገና ያየችው፤ የራሷ ስም የለም።

እናቷ ከነጠላቸው ሥር ስድስተኛውን ዛላ አወጡ። ከአምስቱ ሁሉ ትልቁ ነበር፤ በዓመቱ አዝመራ ከማሳው መርጠው ለብቻው ያቆዩት መሆኑ ያስታውቃል።

«ይህ የራዊያ ነው» አሉ፣ ወደ እሷ ሳያዩ።

ራዊያ መጻፍ አቃታት። ልጅ ሳለች ሮቢት ተምራ ስትመለስ እናቷ በየቀኑ ወንዙ ዳር በትር ይዘው ቆመው «የት ቆየሽ!» እያሉ ይጮኹባት ነበር። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ ቁጣ አድርጋ ይዛው ኖረች። የሚሳሳ ሰው ድምፅ እንዲያ እንደሆነ አሁን ገባት፤ ገና አሁን፣ በስድስተኛው ዛላ። «ጻፊ እንጂ፣ ግትር! ሰው እየጠበቀ ነው» አሉ እማ ኡሙሃኒ። ጻፈች። የገዛ ስሟ ላይ ሁለት ጠብታ ወደቀበት፤ ደስታ ነው፤ ለምን ይደበቃል።

ድምሩ፣ ለአንባቢ በሹክሹክታ ይነገርና፣ ሁለት ሺህ አርባ ስምንት ሆነ።

አሁን የቀረው ያቺ አንዷ ናት። በማግስቱ የራዊያ ክፍል የሰርግ ቤት መሰለ። «የኔን ሕፃን ተዪልኝ» የምትለው ማር ይዛ መጣች። «የኔን አንድዬ» የሚለው ጢንቅሽ ተሸክሞ መጣ። እማማ ሸዋዬ ስለ ሊድያ ሲማጸኑ እንቁላሉን ከነቅርጫቱ ጥለው ሄዱ። ራዊያ ሁሉንም «እናያለን» አለች። እማ ኡሙሃኒ ብቻ ማንንም አልለመኑም። «ስሚ» አሏት በር ላይ ቆመው፣ «ከሰው ቤት ተዪ። ከራስሽ ቤት ብትተዪ ያሙሻል።»

«እሺ እማ» አለች። ዋሸች።

ሐሙስ ቆቦ ወርዳ ወረቀቱን ለአቶ አብርሃም ሰጠችው። አብርሃም የጭሱን ታሪክ አንብቦ ሳቀ፤ የጎርፉን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«የእናንተ ቤት ይህ አይደል? እናትሽ የሉበትም። ይቅርታ… አርፈው ነው?»

«ኧረ! ክፉ አይንካት። እንግዳ ናት እሷ።»

«እናትሽ?»

«የስልሳ ዓመት እንግዳ» አለች ራዊያ፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

አብርሃም ለአፍታ አፈጠጠባት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ እስኪያስለው ሳቀ። «እኔም የዚሁ አገር፣ የዋጃ ልጅ ነኝ» አላት። «እናቴ ቤት አንድም ቀን ተቆጥሬ አላውቅም።» ማኅተሙን አንስቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። «ሁለት ሺህ አርባ ሰባት። ይበቃል። መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ትከፍታላችሁ።»

ገጽታው ተባዝቶ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት መንደሩ ሁሉ ማን ለበረካ እንደተተወ ሊያይ መጣ። እማ ኡሙሃኒ ማንበብ አይችሉም፤ የሊድያን እጅ ይዘው ከሰው መሀል ገቡ።

«የኛን ቤት አንብቢልኝ።»

«ሰላሁዲን» አለች ሊድያ። «አሚና። መንሱር። ፈሪሀ። ራዊያ።»

«ቀጥይ።»

«አልቋል፣ እማማ።»

«ምን አልቋል? እኔስ?»

ሊድያ እንደገና ከላይ እስከ ታች ፈለገች። «እርስዎ የሉም።»

እማ ኡሙሃኒ ወደ በሩ ዞሩ፤ ራዊያ እዚያ ጠመኔ እንደያዘች ቆማለች። እናት ልጃቸውን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። የሚታወቀውን ምክራቸውን ዛሬ ተዉት። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ግትር» አሉ ቀስ ብለው። «አላህ ያሳድግሽ፣ ግትር።»

ያን ቅዳሜ ሮቢት ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ እማ ኡሙሃኒን አግኝቷል። ከበርበሬ ተራ እስከ ጨው ተራ፣ ከአፋር ነጋዴዎቹ እስከ አውቶቡስ ጠባቂው፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ክንድ እየያዙ ያቆማሉ።

«እናንተን ቆጠሯችሁ አይደል?» ይላሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው። «እኔን ልጄ አላስቆጠረችኝም!»